ክረምቱን ናይሮቢና ሞምባሳ፦ ያለ ቪዛ፣ በጾም፣ በባቡር

የለገሃር ልጅ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ነሐሴ ገባ። ዓመት ፈቃድ የተፈቀደላችሁ ሰዎች «የት እንሂድ?» ማለት ጀምራችኋል። እዚህ ቤት መልሱ ሁልጊዜ ዱባይ ነው። ዱባይን አልነቅፍም። ግን ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ውጭ መንሸራሸር አይታሰብም፣ ከሞል ወደ ሞል ነው። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ፍልሰታ ናይሮቢና ሞምባሳ ደርሰን መጣን። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲጠይቀኝ መልሴ ኬንያ ነው። እዚሁ አጠገባችን ያለ አገር ነው፣ ያውም ደጁ ክፍት። አብዛኞቻችን ግን አናውቀውም። ይቆጨኛል፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ወረቀቱ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ። በረራው 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሻንጣችሁን ስታዘጋጁ ፌስታል አትጠቀሙ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። ጫማም ሆነ ሌላ ዕቃ በጨርቅ ቦርሳ ያዙ።

ናይሮቢ ነሐሴ ላይ ደመናማ ናት፣ ትቀዘቅዛለችም። ጃኬት ግድ ነው። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ ሐዲድ ሲዘረጉ እ.ኤ.አ. በ1899 እዚህ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ሰፈሩ፤ ያ ሰፈር ቀስ በቀስ ከተማ ሆነ። ለገሃር አካባቢ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ልብ ይነካል። አሮጌው ጣቢያ አጠገብ የባቡር ሙዚየም አለ። የእንፋሎት ባቡሮቹ ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ መሪው ክፍል ድረስ መውጣት ይቻላል፣ የከሰሉን ምድጃ በር ከፍታችሁ ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1900 አንበሳ ገብቶ አንድ የፖሊስ መኮንን ጎትቶ ያወጣበት ፉርጎም እዚያው ነው። ከሙዚየሙ ወጥታችሁ ወደ መሐል ከተማ ስትሄዱ የምታገኙት ሰፊ መንገድ ኃይለ ሥላሴ ጎዳና ይባላል። እኛም አዲስ አበባ ላይ ጆሞ ኬንያታ ጎዳና አለን።

ብሔራዊ ፓርኩን እንዳትዘሉት። እ.ኤ.አ. በ1946 የተከለለ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ከከተማዋ ጋር ኩታ ገጠም ነው። አውራሪስ ሣር ሲግጥ ከጀርባው የናይሮቢ ፎቆች ይታያሉ። ጠዋት 12 ሰዓት በሩ ላይ ተገኙ፣ አንበሳ ለማየት ያ ሰዓት ይሻላል። በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ክፍያው በኦንላይን ነው። ፓርኩ ውስጥ ዝሆን የለም። ዝሆን ለማየት እናታቸውን ያጡ ግልገሎች የሚያድጉበት ሼልድሪክ የሚባል ማሳደጊያ አለ። ለጎብኚ የሚከፈተው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ግልገሎቹ ከጫካው እየሮጡ ይመጣሉ። ጠባቂዎቹ ትልልቅ ጡጦ ይዘው ይጠብቋቸዋል። አንዷ ጡጦውን በራሷ ኩምቢ ይዛ ጨረሰችና ጭቃው ላይ ተጋድማ ተንከባለለች። ባለቤቴ ከዚያ ቦታ አልነሳም ብላ ነበር።

ከዚያ ባቡሩ። ከናይሮቢ ሞምባሳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረ አዲስ ሐዲድ አለ፤ ልክ እንደኛው የጅቡቲ ባቡር ቻይናዎች የሠሩት። 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ፍተሻውም ረጅም ነው። ሻንጣችሁን መሬት ላይ በሰልፍ ታስቀምጡና ውሻ አነፍንፎ ያልፋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። መንገዱ ፃቮ የሚባለውን የዱር እንስሳት ፓርክ አቋርጦ ነው የሚሄደው። ሐዲዱ ከፍ ብሎ ተሠርቷል፣ እንስሳቱ ከሥር እንዲያልፉ። የፃቮ ዝሆኖች በአፈሩ ምክንያት ቀይ ናቸው፤ ከመስኮት ስታዩአቸው መጀመሪያ ኩይሳ ይመስላችኋል፣ ከዚያ አንዱ ጆሮውን ያራግባል።

ሞምባሳ ስትወርዱ ጃኬቱን አውልቁ። እኛ ዣንጥላ ይዘን ከአዲስ አበባ ወጥተን በማግስቱ ባሕር ዳር በባዶ እግራችን ስንሄድ ደስታው ሌላ ነበር። አሮጌው ከተማ ጠባብ ጠባብ መንገዶች፣ የተቀረጹ የእንጨት በሮች፣ የሰገነት ጥላ። ጫፉ ላይ ፎርት ጂሰስ አለ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 የሠሩት ምሽግ ነው። ለአፄ ገላውዴዎስ ሊያግዙ እ.ኤ.አ. በ1541 ምጽዋ የወረዱት የፖርቱጋል ወታደሮች አገር ሰዎች ናቸው፤ ግራኝ ከሞተ 50 ዓመት በኋላ እዚህ ግንብ ሲያቆሙ ነበር። ሁለቱን ታሪክ አንድ ላይ አስባችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ግንቡ ላይ ቆሜ ነው የገጣጠምኩት። ምሽጉን እ.ኤ.አ. በ1698 የኦማን ሰዎች ከረጅም ከበባ በኋላ ወሰዱት፣ እንግሊዞች እስር ቤት አደረጉት፣ አሁን ሙዚየም ነው። አስጎብኚ ያዙ፣ ግድግዳው ላይ የድሮ መርከበኞች የሳሉትን ሥዕል ያሳያችኋል።

ስለ ምግቡ ብዙ የምለው አለኝ፤ መጀመሪያ ጥያቄ ካለ ልስማ።

አራት ኪሎ ማኪያቶ

እግዜር ይስጥልን፣ አንጀት ያርሳል። እኔም ማየት የምፈልገው ፍልሰታ ላይ ነው። ግን ኬንያ ስባል ወዲያው የሚመጣብኝ ሥጋ ነው። ጾመኛ ሰው እዚያ ምን ይበላል? ዱባይ እያለሁ ሳምንቱን በድንች ጥብስ ነው ያሳለፍኩት።

የለገሃር ልጅ

እህቴ፣ እዚህ ላይ ነው ኬንያ የምታስደስተው። ተራው ሰው በየቀኑ የሚበላው አብዛኛው የጾም ነው። ኡጋሊ አለ፣ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠንከር ያለ ገንፎ። በእጅ ቆርሰሽ፣ ጠቅለል አድርገሽ፣ መሐሉን በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርገሽ ማባያውን ትዘግኚበታለሽ። እንጀራ ለለመደ እጅ አይከብድም። ማባያው ሱኩማ ዊኪ ነው፣ የኛው ጎመን፣ በሽንኩርትና በቲማቲም በዘይት የተሠራ። ማሾ ወጥ አለ፣ ንዴንጉ ይሉታል። ባቄላና በቆሎ አብሮ የተቀቀለ ጊዜሪ አለ፣ ከኛ ንፍሮ ጋር ዝምድና ያለው። ሆቴል ሳይሆን ሠራተኛው ምሳ የሚበላበት ቤት ግቢ፤ ትኩስ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ሞምባሳ ደግሞ ወተቱ የኮኮናት ነው። ጠዋት ጠዋት ምባዚ የሚባል አተር የመሰለ ጥራጥሬ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ ከማሃምሪ ጋር ይቀርባል። ማሃምሪ ሄል የገባበት፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ የሚነፋ የተጠበሰ ሊጥ ነው። አንዳንዱ ቤት የላም ወተት ስለሚጨምርበት ጠይቂ። ማታ መንገድ ዳር ቪያዚ ካራይ አለ፦ የተቀቀለ ድንች በሽንብራ ዱቄት ሊጥ ተነክሮ በዘይት የሚጠበስ። ሴትየዋ ከድስቱ አውጥታ ጋዜጣ ላይ ታሳርፈዋለች፣ መሐሉን በቢላ ሰንጠቅ ታደርግና ኮምጠጥ የሚል ማባያ ታፈስበታለች። ከእጄ ወደ አፌ እስኪደርስ ጣቴን ያቃጥለኝ ነበር፣ ግን አልጠበቅኩትም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሻይ ስትዪ የሚመጣልሽ ከወተት ጋር የፈላ ነው። ያለ ወተት ከፈለግሽ «ቻይ ያ ራንጊ» በይ።

ካዛንቺስ

ይህን ክር ቀድሜ ባገኘው። አንድ የጉዞ ወኪል «የኬንያ ቪዛ ማስጨረሻ» ብሎ ለሁለት ሰው ገንዘብ ተቀብሎኛል። ደረሰኝ ጠይቄ «የአገልግሎት» ብሎ ጻፈልኝ። ናይሮቢ ስደርስ የኢሚግሬሽኗ ልጅ ወረቀቱን እንኳ አላየችውም፣ ፓስፖርቴን መትታ «ካሪቡ» ብላ አሳለፈችኝ። ወገን እባካችሁ ማንም ቪዛ ላውጣላችሁ ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ስም መጥራት አልፈልግም፣ ዋናው ሌላ ሰው እንዳይከፍል ነው።

የለገሃር ልጅ

ወንድሜ፣ ስላጋጠመህ አዝናለሁ። ይህን መጻፍህ ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

የራስ መኮንን ድልድይ እናት

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ። እኔ ዕድሜዬ ገፋ ብሏል፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ልጄ «እማዬ ባሕር ላሳይሽ» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ ምጽዋ የመሄድ ዕድሉ አምልጦኛል። ሞምባሳ ለእንደኔ ያለ ሰው ይሆናል? ደግሞ ለልብሱ ነገር፣ በቀሚስና በነጠላ ብሄድ ያስቸግራል?

የለገሃር ልጅ

እትዬ፣ እንኳን ጠየቁ። በጣም ይሆናል። ባቡሩን ትተው ከአዲስ አበባ ቀጥታ ሞምባሳ መብረር ይችላሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበራል። ነሐሴ ላይ ሙቀቱ 28 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ነፋስም አለው፣ አያደክምዎትም። ማረፊያ ሲመርጡ ባሕሩ ዳር ምድር ቤት ክፍል እንዲይዝልዎ ልጅዎን ይንገሩት።

ልብስዎ ደግሞ ለቦታው የተሰፋ ነው። አሮጌው ከተማ የሙስሊሞች ሰፈር ነው፣ ሴቱ ሁሉ ትከሻውን ሸፍኖ ነው የሚሄደው። ነጠላ ለብሰው ቢያዩዎት በአክብሮት ነው የሚቀበሉዎት። «ማማ» እያሉ ወንበር የሚያወጡልዎት ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጠዋት እግርዎ ሥር የነበረው ውሃ ከቀትር በኋላ ሩቅ ሄዶ ድንጋዩና አሸዋው ይገለጣል። ሰዓቱን ሆቴሉ ይነግርዎታል። ውሃው ሙሉ ሲሆን ወንበር አስወጥተው፣ እግርዎን ነክረው ይቀመጡ። ነጩን አሸዋ ማየት ከፈለጉ ዲያኒ ይሻላል፤ በሊኮኒ ጀልባ ይሻገራሉ፣ ለእግረኛ ነጻ ነው፣ ግን ሰው ስለሚበዛበት ከልጅዎ ጋር በመኪና ይለፉ።

የራስ መኮንን ድልድይ እናት

ተባረክ ልጄ። ለልጄ አሁኑኑ አሳየዋለሁ።

ሸማቿ

እኔ የመጣሁት ለዕቃው ነው፣ አልደብቅም። ዱባይ የምሄደውም ለዚያ ነው፦ ስልክ፣ ሽቶ፣ የልጆች ልብስ። ናይሮቢ ምን ይገዛል? ዋጋው ይረክሳል ካላችሁኝ አምናለሁ፣ ካልረከሰ ግን ለምን ልድከም?

የለገሃር ልጅ

ስልክና ሽቶ ከሆነ ዱባይ ሂጂ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ናይሮቢ ለዚያ አይደለም። ናይሮቢ የሚገዛው በእጅ የተሠራ ነገር ነው። የማሳይ ገበያ የሚባል አለ፣ ቦታው በቀን በቀን ይቀያየራል፤ አርብ ቪሌጅ ማርኬት ላይ ነው። ከኪሲ የሚመጣ ከለስላሳ ድንጋይ የተጠረበ ሳህንና ሻማ ማስቀመጫ፣ ከቃጫ የተጎነጎነ ኪዮንዶ ቦርሳ፣ የዶቃ ጌጥ። የኪዮንዶውን ጥራት ለማወቅ ውስጡን ገልብጪና ክሩ የተቋጨበትን እዪ፤ ሥራው የተጣደፈ ከሆነ ጫፉ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ክርክሩ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉት የባህል ዕቃ ቤቶች እንደሚደረገው ነው፣ አዲስ ነገር የለውም። ገና ስትገቢ አንድ ልጅ ቦርሳ ይዞ ይከተልሻል። «የወደድሽውን ሁሉ እዚህ ክተቺ፣ ዋጋውን መጨረሻ ላይ በአንድ ላይ እንነጋገራለን» ይልሻል። እሺ አትበይ። እያንዳንዱን ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሪና እዚያው ክፈዪ።

ሞምባሳ ከሆንሽ ቢያሻራ መንገድ ሂጂ። ካንጋ የሚባለው ሴቶች የሚያገለድሙት ጨርቅ የሚሸጥበት ነው። ካንጋ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሸጠው፣ ጠርዙ ላይ የስዋሂሊ አባባል ታትሞበታል። አባባሉን አስነብቢ፣ ለአማት የሚሰጥና ለጎረቤት የሚሰጥ ይለያያል! ዛጎልና ኮራል ግን አትግዢ፤ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። የዝሆን ጥርስማ ጭራሽ።

ሸማቿ

የካንጋው ነገር ማርኮኛል። ለእናቴና ለእህቶቼ ጥሩ ስጦታ ነው። ዱባይን ግን አልተውም፣ ለየብቻ ነው የማያቸው።

የሞያሌ መንገደኛ

በመኪናም ይቻላል፣ ማንም ስላላነሳው ነው። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ። ድንበሩ ላይ ሁለቱ አገሮች በጋራ የሚሠሩበት ጣቢያ አለ፣ መውጫና መግቢያ ማኅተሙን እዚያው ታስመታላችሁ። ከዚያ በማርሳቢት በኩል ናይሮቢ ድረስ አስፋልት ነው። አገር ማየት ለሚወድ ሰው ከአረንጓዴው ጌዴኦ ወጥቶ ማርሳቢት በረሃ መግባት ትልቅ ነገር ነው። ግን ረጅም ነው፣ ሞያሌ ማደር ያስፈልጋል፣ የመንገዱንም ጸጥታ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። ፈቃዱ አጭር የሆነ ሰው በአውሮፕላን ይሂድ።

አራት ኪሎ ማኪያቶ

የገንዘቡን ነገር ማን ያስረዳኝ? ዶላር ነው ሽልንግ የሚያዘው? ካርድ ይሠራል?

ካዛንቺስ

ዶላሩን እዚሁ ከባንክ ፓስፖርትና ትኬት ይዘሽ ግዢ፣ ናይሮቢ ላይ ወደ ሽልንግ ቀይሪ። ግን ከሁሉ የሚበልጠው ኤምፔሳ ነው። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው የመጣው፤ እነሱ ከ2007 ጀምሮ አድገውበታል። አውሮፕላን ጣቢያ በፓስፖርትሽ የሳፋሪኮም ሲም አውጪ፣ ኤምፔሳ እንዲከፍቱልሽ ጠይቂ፣ ወኪል ዘንድ ሽልንግ አስገቢ። ከዚያ ታክሲውም፣ ሙዝ ሻጩም፣ የባቡሩ ትኬትም በስልክ ነው። ቁጥሩ ከኪዮስኩ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ጥሬ ገንዘብ ይዘሽ ከመዞር ያድናል፣ መሐል ናይሮቢ ላይ ደግሞ ስልክና ቦርሳ ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ባለ ባቡሩ

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፣ ከንጋት ጀምረው። ጠዋት 2 ሰዓት ለኛም ለእነሱም 2 ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር 8፡00 ተብሎ ይጻፋል። ከባለ ታክሲ ጋር በእንግሊዝኛ ስትነጋገሩ በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። በስዋሂሊ «ሳ ምቢሊ» ካላችሁት ግን ያለ ጥያቄ በኛው 2 ሰዓት ይመጣል። ውጭ አገር ሄጄ ሰዓቴን ሳልቀይር የተግባባሁበት ብቸኛ ቦታ ነው።

ትኬቱ በኢኮኖሚ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ 1,500 ሽልንግ ነው። ነሐሴ የኬንያ ትምህርት ቤቶችም ዕረፍት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ለአንደኛ ማዕረግ ሦስት እጥፍ መክፈል ግን አስፈላጊ አይመስለኝም። ኢኮኖሚው ንጹሕ ነው፣ ቤተሰቦች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጨዋወታሉ፣ ልጆች ዝሆን ባዩ ቁጥር ጋሪው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይነሳል። እኔ ከአንዲት የቮይ አስተማሪ ጋር እስከ ሞምባሳ ስናወራ ሄድን።

የለገሃር ልጅ

በባለ ባቡሩ ሐሳብ እስማማለሁ። ጾሙ ሲያበቃ ደግሞ አንድ ቀን ለኛማ ቾማ ትተዉ... ንያማ ቾማ ማለቴ ነው፣ ጣቴ ፈጥኖ ነው። የፍየል ጎድን በከሰል ላይ ቀስ ብሎ የሚጠበስ። እንደኛ ሥጋ ቤት በኪሎ ታዝዛላችሁ፣ ሥጋውን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ጠባሹ በእንጨት ጣውላ ይዞት ይመጣና ፊታችሁ ይከትፈዋል፣ ጣውላው ጥግ ላይ ጨው ያፈስላችኋል፣ አጠገቡ ቲማቲምና ሽንኩርት። ቅመም የለውም፣ አዋዜም የለም። መጀመሪያ «ይህ ብቻ?» ትላላችሁ፣ ከዚያ ሥጋው ራሱ ይናገራል። መጠበሻ ጊዜው ረጅም ስለሆነ ርቧችሁ አትሂዱ።

ስለ ቡናም ልበል። ኬንያ ምርጥ ቡና ታመርታለች፣ ሕዝቡ ግን ሻይ ጠጪ ነው። እኛ ከፒያሳ ቶሞካ የተቆላ ቡና ገዝተን ያሳደሩንን ሰዎች ሰጠናቸው፤ ከወርቅ የበለጠ ተደሰቱበት። ሞምባሳ ላይ ግን ማታ ማታ የሚዞሩ ቡና ሻጮች አሉ። ረጅም አፍንጫ ያለው የናስ ጀበና፣ ከሥሩ የከሰል ምድጃ አብሮ የተያያዘ፣ በሌላ እጃቸው ስኒዎቹን እያንቃጨሉ ይመጣሉ። ዝንጅብል አለበት፣ ወፍራምና መራራ ነው፣ ከኦቾሎኒ በተሠራ ጣፋጭ ካሻታ ጋር ይጠጣል። አሮጌው ከተማ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ጠጣን። «ከየት ናችሁ?» አሉን። «ከአዲስ አበባ» ስንል አንዱ አዛውንት «የቡና አገር» ብለው ሻጩን ሁለተኛ እንዲቀዳልን አዘዙት፣ ሒሳቡንም እሳቸው ከፈሉ።

አራት ኪሎ ማኪያቶ

በቃ ቆርጫለሁ። ከጓደኛዬ ጋር ትኬት ይዘናል፣ ጠዋት የሚነሳውን ባቡር። የመጨረሻ ጥያቄ፦ መቀመጫ ስንመርጥ የትኛው ወገን ይሻላል?

ባለ ባቡሩ

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ ስትሄዱ ቀኝ። ሰማዩ ከጠራ ኪሊማንጃሮ በዚያ በኩል ነው የሚታየው፤ ነሐሴ ላይ ደመናው ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል፣ ግን ዕድላችሁን ሞክሩ። ዝሆኖቹ በሁለቱም ወገን አሉ።

የለገሃር ልጅ

ጣቢያ ላይ ትኬቱን ከፓስፖርት ጋር ያያሉ፣ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ በእጃችሁ ይሁን። ምሳችሁንም ያዙ፣ ባቡሩ ላይ የጾም ምግብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ናይሮቢ ላይ ጠዋት ቻፓቲና ማሾ አስጠቅልሉ።